ጭድና ወረቀት

በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ ከጸደቀ ወዲህ ወረታ ያሉ የቀድሞ ተማሪዎቼ "ቲቸር፣ ከሩዝ ጭድ የወረቀት ከረጢት ብንሠራስ?" ይሉኛል። ደስ ይላል! ግን ታሪኩን ልንገራችሁ።

ሩዝ ለፎገራ የቅርብ እንግዳ ነው፤ በደርግ ጊዜ በጅግናና በሻጋ ማኅበራት በኩል ነው የለመድነው። ቻይኖች ግን ሹዋን የሚባለውን የሥዕል ወረቀት የሩዝ ጭድና የዛፍ ልጥ ቀላቅለው ለዘመናት ሠርተዋል። ጭዱን በኖራ ዘፍዝፈው፣ ቀቅለው፣ ተራራ ላይ አስጥተው ወራት ሙሉ ፀሐይና ዝናብ እያነጣው። ጥድፊያ የለም።

ኋላ ጥድፊያ መጣ። በየመንደሩ ትንንሽ የጭድ ወረቀት ፋብሪካዎች በኮስቲክ ሶዳ እየቀቀሉ ጥቁሩን ውሃ ወንዝ ውስጥ ለቀቁት። የሩዝ ጭድ ሲሊካ ስለሚበዛበት ኬሚካሉን ከውሃው መልሶ ማውጣት አስቸጋሪ ነው፤ ለትንሽ ፋብሪካ ደግሞ ጭራሽ አያዋጣም። መጨረሻ ላይ በ1996 እ.ኤ.አ. መንግሥታቸው በዓመት ከ5,000 ቶን በታች የሚያመርቱትን እንዲዘጉ አዘዘ። እነሱም እኮ "ትንሽ ቢዝነስ" ነበሩ።

ደግሞ ጭድ ቆሻሻ ነው አትበሉኝ፤ በበጋ የፎገራ ከብት ቀለብ ነው (ላሟን ጠይቋት!)። ከእሷ የተረፈውን ውሰዱ። እኔ የምጠይቃችሁ የቀቀላችሁበት ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ነው። ርብም ጉማራም የሚገቡት ጣና ነው።