የጠገራው ትርፍ ማን ቤት ገባ?

ስሙኝማ፤ የጠገራን ነገር ላጫውታችሁ።

ጠገራ ብር በሚገበይበት ዘመን የጎንደርም የሐረርም ገበያተኛ በእጁ የሚያገላብጠው ይህ ገንዘብ የአንዲት የባዕድ እቴጌ መልክ ነበረበት። የኦስትሪያዋ ማርያ ቴሬዛ ናት። እሷ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው፤ ብሯ ግን ያንኑ 1780 እንደያዘ ከሞተች በኋላም ሲመታ ኖረ። ክብደቱ 28 ግራም፤ ንጹሕ ብሩ 23 ግራም ከምናምን፤ የቀረው መዳብ። የኛ ሰው ታዲያ ዝም ብሎ አይቀበልም። የጌጧን ፈርጥ አንድ በአንድ ይቆጥራል። አንዷ ደብዝዛ ከታየችው ይመልሳል።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ጥሬውን ብር ገዝቶ፣ አቅልጦ፣ ማኅተም መትቶ የሚሸጥ ሰው ከማዕድኑ ዋጋ በላይ ያገኛል። ያች ብልጫ የመቺው ናት። ቡናችንና ሰማችን በጠገራ ሲሸጥ የማኅተሙ ትርፍ ባሕር ማዶ ይቀር ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸውን መልክና አንበሳውን የያዘ ብር ፓሪስ ላይ አስመቱ። በክብደት ከጠገራው አያንስም። ገበያው ግን የለመደውን አልለቅም አለ! በ1898 ዓ.ም. የተከፈተው የአቢሲኒያ ባንክም የወረቀት ገንዘብ የማውጣት ብቸኛ መብት ተሰጠው፤ ባንኩን ያቋቋመው ግን በእንግሊዞች እጅ የነበረው የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ነው።

የሚያንገበግበኝ የ1935ቱ ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር። ሙሶሊኒ ሊወረን ሲሰናዳ የጠገራውን ማኅተም ከኦስትሪያ ተቀብሎ ሮማ ላይ መምታት ጀመረ። በዚያች በምናምናት መልክ የኛኑ እህል፣ የኛኑ በቅሎ ሊገዛ! እንግሊዞችም ወዲያው ለንደን ላይ ያንኑ መቱ።

ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. የራሳችን ወረቀት ወጣ፤ ያወጣው የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ነው። ሕዝቡ ወረቀት እንዳይሸሽ ሽልንጓ፣ የ50 ሳንቲሟ፣ ከእውነተኛ ብር ተሠራች፤ ብሩም በብድር ከአሜሪካ መጣ። ከዚያ ወዲህ ትርፉ አገር ቤት ገባ።

ምን ያህል ነው? በ2013 ዓ.ም. መስከረም አዲሱ ገንዘብ ሲወጣ 2.9 ቢሊዮን ኖት ለማሳተም 3.7 ቢሊዮን ብር እንደወጣ ተነግሯል። አንዱ ኖት በአማካይ 1 ብር ከ28 ሳንቲም ገደማ መሆኑ ነው። ከነዚያ ኖቶች መካከል ባለ 200ው አለ። ብሔራዊ ባንክ በእንዲህ ያለ ገንዘብ ከባህላዊ አምራቾች ወርቅ ይገዛል፤ የውጭ ምንዛሪ ያከማቻል፤ ከዚያም ወለድ ያገኛል። ይህ የአገር ሀብት ነውና አይከፋኝም። የሚከፋኝ መንግሥት የበጀቱን ጉድለት ከዚያው ባንክ በቀጥታ እየተበደረ ሲሸፍን ነው። ያኔ ገንዘቡ ይበዛል፤ እህሉ አይበዛም። የብድሩን ዋጋ የሚከፍለው ጥሬ ገንዘብ ይዞ የተቀመጠው ነው።

እናቴ ለዓመታት በሣጥን ያኖረችውን አሮጌ ብር በዚያ ዓመት አውጥታ ሰጠችኝ። ተሰልፌ ለወጥኩላት። ቆጥራ ተቀበለችኝ፤ አንዲት ብር አልጎደለም። ሣጥኑ ውስጥ ስታስቀምጠው አንድ ኩንታል ጤፍ ይገዛ የነበረው ገንዘብ፣ በማግስቱ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ስናስመዝንበት፣ ግማሹን ጆንያ አልሞላም።