ፍቺያቸውን የለወጡ የጎጃም ቃላት

ጨርሶ የጠፋ ቃል አንባቢን መዝገበ ቃላት ያስገልጠዋል፤ ፍቺው ብቻ የተለወጠ ቃል ግን ሳይጠረጠር ያልፋል። ፊታውራሪ፣ ጉልትና ርስት ዛሬም ደብረ ማርቆስ ላይ ቢነገሩ ሰሚው አይቸገርም፤ የሚገባው ግን አያቶቹ ይገባቸው የነበረው ላይሆን ይችላል። ስለዚህ የቀድሞውን ፍቺ ለመመለስ፣ ቃሉ በሥነ ጽሑፍ ውስጥ የዋለበትን ቦታ እንደ ታሪክ ማስረጃ መያዝ ይገባል። ለጎጃም ከሁሉ የቀረበው ምስክር የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ደራሲው በ1902 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቀው እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ፤ መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታተመ።

ፊታውራሪ በመነሻው የጦር ሥራ ስም ነበር፤ ከዋናው ሠራዊት ቀድሞ የሚገባውን ጦር የሚመራ አዝማች ማለት ነው። በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የወደቁት ፊታውራሪ ገበየሁ ማዕረጉን በሥራው ይዘውት ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን ማዕረጉ ከጦር ሜዳ እየራቀ የመኳንንት መከበሪያ ሆነ። የልቦለዱ ገጸ ባሕርይ፣ የዲማው ፊታውራሪ መሸሻ፣ የቆሙት በሁለቱ ፍቺዎች መካከል ነው፤ ጀግንነታቸውን ሲያወሩ ይኖሩና፣ በግብር ጉዳይ እንቢ ባሏቸው በገዛ ባላገሮቻቸው ላይ ዘምተው ይማረካሉ። «ልቦለድ የተጋነነ ነውና ምስክር አይሆንም» የሚል ይኖራል። እንዲህ ያለ ሰው በእርግጥ ኖሮ እንደሆነ ለማወቅ ከሆነ፣ ተቃውሞው ልክ ነው። ለቃሉ ግን ማጋነኑ ራሱ ያስረዳል፤ ስላቅ የሚሠራው አንባቢው የሚጠበቀውንም የሆነውንም ሲያውቅ ነውና። ደራሲው ማዕረጉን ለፌዝ ሲጠቀሙበት፣ ቀዳሚው የጦር ፍቺ በ1950ዎቹ አንባቢ ዘንድ ገና አለመረሳቱን እየነገሩን ነው።

ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. የታተመ ታላቅ መዝገበ ቃላት ትተውልናል፤ ታዲያ ልቦለድ ለምን ያስፈልጋል? መዝገበ ቃላት የቃሉን ፍቺና ዘር ይነግራል፤ ማን፣ ለማን፣ በምን ስሜት እንደተናገረው ግን አብዛኛውን ጊዜ አይነግርም። የእንግሊዝኛው የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ከ1884 እስከ 1928 እ.ኤ.አ. በቅጽ በቅጽ ሲወጣ፣ ለየፍቺው ዓመተ ምሕረቱ የታወቀ ጥቅስ ከመጻሕፍት እየለቀመ የደረደረው ይህን ጉድለት ለመሙላት ነበር። አማርኛም ከነገሥታት ዜና መዋዕል እስከ ልቦለድ ለዚህ የሚሆን ጽሑፍ አለው፤ የሚጎድለው ለቅሞ በዘመን የሚያሰናዳው ነው።

ጉዳዩ የቃል ፍቅር ብቻ እንዳይመስል ርስትንና ጉልትን እንመልከት። «መሬት ለአራሹ» ከተባለና የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ከታወጀ በኋላ ያደገ አንባቢ፣ ፊታውራሪ መሸሻን የመሬቱ ባለቤት፣ ገበሬውን ደግሞ ጭሰኛ አድርጎ ያነባል። በጎጃም ደጋ ግን ጉልት ለባለጉልቱ የሚሰጠው በዋናነት ግብር የመቀበልና የማስተዳደር መብት ነበር፤ መሬቱ የባለርስቶቹ ነው። ደጋ ዳሞትን ያጠናው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ ርስትም በገበያ የሚሸጥ የግል ንብረት ሳይሆን፣ በአባትም በእናትም ወገን ከአንድ አቅኚ አባት ተወልጃለሁ የሚል ሁሉ የሚጠይቀው ድርሻ ነው። ልቦለዱ ከዚህ ጥናት ጋር ሲነበብ፣ የባላገሮቹ እንቢታ የመሬት ጥያቄ ሳይሆን የግብር ልክ ጥያቄ እንደነበር ይታያል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ ለምን እንዳመፀም ይበልጥ ይገባናል። ለግብሩ ሲባል መሬቱ ከተለካና በስም ከተመዘገበ የሚነካው የዓመቱ ምርት ብቻ አልነበረም፤ ገና ያልተጠየቀው የዘር ድርሻ ጭምር ነው። ርስትን በዛሬው «ይዞታ» ብቻ የሚፈታ ሰው፣ ያን አመፅ ግብር ከመጥላት የመነጨ ግትርነት ብሎ ያልፈዋል።