ሽፋን፦ የሚገልጥም የሚደብቅም ቃል

«ጉዳዩ ሽፋን አገኘ» ሲባል ምን ማለት ነው? ተናጋሪው ጋዜጠኛ ከሆነ ነገሩ ተዘገበ ማለቱ ነው። መርማሪ ፖሊስ ከሆነ ግን ነገሩ ተደበቀ ማለቱ ሊሆን ይችላል።

የዜናው «ሽፋን» የእንግሊዝኛው «ከቨር» ትርጉም ነው። ቃሉ በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን የመጣ ሲሆን መነሻ ፍቺው መክደን ነው። ድስት መክደን፣ ወንጀል መደበቅ፣ ዜና መዘገብ ሁሉም ከዚሁ ግንድ ወጡ። «ዲስከቨር»ም በቁሙ ሲፈታ ክዳን ማንሣት ነው።

መክደንና መግለጥ የሥልጣን ጉዳይ እንደሆኑ ግን ሸዋ ጋዜጣ ሳይኖራት በፊት ታውቅ ነበር። በ1805 ዓ.ም. ገደማ የሸዋው ገዥ ወሰን ሰገድ ሲገደሉ ልጃቸው ሣህለ ሥላሴ በእናታቸው በወይዘሮ ዘነበወርቅ መቀመጫ በሰላ ድንጋይ ተማሪ ነበሩ። ታላቁ ልጅ በኩረ መርሐቤቴ ነበሩ። ሣህለ ሥላሴ ፈጥነው ቁንዲ ገቡና ሥልጣኑን ያዙ። በኩረ ሲደርሱ የጠበቃቸው እስር ነበር። ቀድሞ የደረሰ ነገሠ፤ የዘገየ ታሰረ።

በ1848 ዓ.ም. የሣህለ ሥላሴ ልጅ ንጉሥ ኃይለ መለኮት ደብረ ብርሃን አካባቢ ታመው ሞቱ። ሸዋን ለመያዝ የዘመቱት ዐፄ ቴዎድሮስ በወሬ ብቻ አላመኑም፤ አስከሬኑ ከመቃብር ወጥቶ እንዲታይ አደረጉ። እውነት መሆኑን ሲያዩ በክብር አስቀበሩ።

ትልቁ ሽፋን የመጣው በኃይለ መለኮት ልጅ በዳግማዊ ምኒልክ ላይ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ መርዶ አልተነገረም፤ የአገር ለቅሶ አልወጣም። አስከሬኑ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ተሰውሮ ቆየ። አልጋ ወራሹ ልጅ ኢያሱም ዘውድ ሳይጭኑ ገዝተው በ1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ። የምኒልክ አፅም በክብር ያረፈው ልጃቸው ንግሥት ዘውዲቱ ባሠሩት በታዕካ ነገሥት በዓታ ነው።

መርዶን መሸፈን ሞትን አያስቀርም። ሐዘንን ይከለክላል፣ ወሬን ያራባል፣ እውነት ሲነገር እንኳ የሚያምን ያሳጣል። ቴዎድሮስን መቃብር ያስከፈተው ይኸው አለመተማመን ነበር።

ስለዚህ «ሰፊ ሽፋን ተሰጠው» የሚል ዜና ሲነበብ አንድ ጥያቄ ይቀራል፦ ክዳኑ ተነሣ ወይስ ተደፋ?