በአሜሪካ የግል ጤና መድን ወርሃዊ ክፍያ እንዴት ይሰላል?

በአሜሪካ ታክሲና ኡበር የሚያሽከረክሩ ወይም አነስተኛ ሱቅ የከፈቱ ኢትዮጵያውያን ብዙውን ጊዜ በአሠሪ በኩል የሚገኝ የጤና መድን የላቸውም። ለእነዚህ ወገኖች ዋነኛው አማራጭ «ኦባማኬር» በሚባለው የ2010 (እ.ኤ.አ) ሕግ የተቋቋመው የመድን ገበያ ነው። በአብዛኞቹ ግዛቶች ምዝገባው ኖቬምበር 1 ይጀምራል።

ወርሃዊ ክፍያው (ፕሪሚየም) የሚወሰነው በዕድሜ፣ በመኖሪያ አካባቢ፣ በትምባሆ ተጠቃሚነት፣ በቤተሰብ ብዛትና በሚመረጠው ዕቅድ ነው። ኩባንያዎች በፆታ ወይም ቀድሞ በነበረ ሕመም ምክንያት ዋጋ መጨመር አይችሉም። በዕድሜ የገፋ ሰው የሚጠየቀውም ከ21 ዓመት ወጣት ከሦስት እጥፍ መብለጥ የለበትም።

ዕቅዶቹ በአራት ይከፈላሉ። በአማካይ ከሕክምና ወጪው ብሮንዝ 60፣ ሲልቨር 70፣ ጎልድ 80፣ ፕላቲነም 90 በመቶ ይሸፍናሉ።

መንግሥት ገቢን አይቶ በታክስ ክሬዲት መልክ ድጎማ ይሰጣል። በ2021 በሕግ የሰፋው ድጎማ የተራዘመው እስከ 2025 መጨረሻ ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ያለፈውን ዓመት ዋጋ ይዞ መመዝገብ ያሳስታል።

ወርሃዊ ክፍያው ያነሰ ሁሉ ርካሽ አይደለም። በብሮንዝ ዕቅድ መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ታካሚው ከኪሱ የሚያወጣው (ዲዳክተብል) ከፍተኛ ነው። ገቢያቸው ከድህነት መስመሩ 250 በመቶ ያልበለጠ የድጎማው ተጠቃሚዎች ሲልቨርን ከመረጡ ይህ ወጪ ይቀንስላቸዋል፤ ብሮንዝን ከመረጡ ግን ቅናሹ ያመልጣቸዋል።

ገቢ ሲጨምር ወይም ሲቀንስ ወዲያው ማሳወቅ ያስፈልጋል። ታክስ ሲሠራ ሂሳቡ እንደገና ስለሚታይ፣ በብልጫ የተወሰደ ድጎማ ተመላሽ ይጠየቅበታል።