ሰመመን ሰጪውን የሚያሠለጥነው ማን ነው?

ጉንደ ወይን ከደጀን ተነስቶ በብቸና በኩል ወደ ሞጣና ባሕር ዳር በሚያልፈው መስመር ላይ ያለች የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ካሉ ቀበሌዎች ምጥ የጠናባት እናት በቃሬዛ ተሸክመዋት መንገድ ዳር ትደርሳለች፤ አምቡላንስ ከተገኘ በአምቡላንስ፣ ካልተገኘ በተገኘው መኪና ወደ ሆስፒታል ትወሰዳለች። ደጅ ላይ የቆመው ቤተሰብ የሚጠይቀው "ዶክተሩ አለ ወይ?" ብሎ ነው። ሰመመን የሚሰጣት ሰው ስለመኖሩ የሚጠይቅ የለም። ያ ሰው ከሌለ ግን ዶክተሩ ቢኖርም ቢላዋ አይነሳም፤ "ሪፈር" ተብሎ ወረቀት ይጻፋል፣ መንገዱ እንደገና ይጀመራል።

ያ ሰው በአገራችን አብዛኛውን ጊዜ ሐኪም አይደለም። የዓለም የሰመመን ሐኪሞች ማኅበራት ፌዴሬሽን ለ100,000 ሕዝብ ቢያንስ 5 የሰመመን ስፔሻሊስት ሐኪሞች ያስፈልጋሉ ይላል፤ ኢትዮጵያ ያላት ከ1 እጅግ በታች ነው። ክፍተቱን የሞሉት ከነርስነት ተነስተው የሠለጠኑ፣ በኋላም በቀጥታ በዲግሪ የተማሩ የሰመመን ባለሙያዎች ናቸው። እነዚህን ሰዎች የሚያስተምረውን ክፍል ማን ይመራዋል፣ ምን ሥልጣንስ አለው የሚለው ጥያቄ የዩኒቨርሲቲ የውስጥ ጉዳይ ይመስላል። እኔ ከዚያ ያለፈ ነው እላለሁ።

"ነርስ ሰመመን የሚሰጠው ድሀ አገር ስለሆንን ነው" የሚለውን ወሬ መጀመሪያ እናንሳና እንጣለው። ቦስተን ውስጥ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1846 ኢተር በአደባባይ ከተሞከረ በኋላ፣ ለብዙ ዓመታት ጨርቁን በሕመምተኛው አፍንጫ ላይ የሚይዘው በአካባቢው የተገኘ ሰው ነበር። ያ ሰው ብዙ ጊዜ ዓይኑ ከሕመምተኛው ይልቅ ቢላዋው ላይ የነበረ ተማሪ ወይም ጀማሪ ሐኪም ነው። ሕመምተኛ ሲሞትባቸው ቀዶ ሐኪሞቹ ራሳቸው ወደ ነርሶች ዞሩ። ሲስተር ሜሪ በርናርድ የምትባል መነኩሲት እ.ኤ.አ. 1877 በፔንሲልቬንያ ይህን ሥራ ያዘች። በሜዮ ክሊኒክ የሠራችው አሊስ ማጎ ደግሞ እ.ኤ.አ. 1906 ከ14,000 በላይ ሰመመን ሰጥታ በሰመመኑ ምክንያት አንድም ሰው እንዳልሞተባት አሳተመች።

ሐኪሞቹ ዝም አላሉም። "ይህ ያለ ፈቃድ ሕክምና መሥራት ነው" የሚል ክስ እ.ኤ.አ. 1917 በኬንታኪ፣ እ.ኤ.አ. 1936 ደግሞ በካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በሁለቱም ቦታ ነርሶቹ ረቱ። በእኔ ግምት ግን ሙያውን ያቆመው ከፍርዱ ይልቅ ትምህርት ቤቱ ነው። አጋታ ሆጂንስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ ከቀዶ ሐኪሙ ጆርጅ ክራይል ጋር ፈረንሳይ ሄዳ ቁስለኛ ስታክም ቆይታ ተመለሰች፤ እ.ኤ.አ. 1915 በክሊቭላንድ ሌክሳይድ ሆስፒታል የሰመመን ትምህርት ቤት ከፈተች፤ እ.ኤ.አ. 1931 ደግሞ የሙያ ማኅበሩን መሠረተች። ዛሬ በአሜሪካ አንድ ተማሪ ለመመረቅ በእጁ ቢያንስ 600 ሰመመን መስጠት አለበት። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ማስተርስ ግዴታ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ የሚገባ ተማሪ ደግሞ የሚማረው ለዶክትሬት ነው። የፕሮግራሙ መሪ ራሱ የሰመመን ባለሙያ ነው፤ ለተማሪዎቹ የሚበቃ ሕመምተኛ ሳይኖር ቢቀበል የፕሮግራሙ ዕውቅና አደጋ ላይ ይወድቃል።

ወደ እኛ እንምጣ። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን ለንደን ነርስነት ተምራ ተመረቀች። ከድል በኋላ አገሯ ገባች፣ አግብታ ወለጋ ሄደች፣ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር ነቀምት ላይ አረፈች። የንጉሥ ልጅም፣ ነርስም ሆና ከመሐል አገር ርቃ መገኘቷ በቂ ነበር። በስሟ ገንዘብ ተሰባስቦ አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል ተሠራ፤ ሆስፒታሉም ነርስ ማሠልጠኛ ነበረው። መታሰቢያው የቆመው እሷ ከሞተችበት ክፍለ ሀገር ሳይሆን ዋና ከተማው ላይ መሆኑን ሁሌም ልብ እላለሁ።

ሐኪም እስኪበዛ አንጠብቅም የሚለውን ሐሳብ በትልቁ የሞከረው ጎንደር ነው። በደምቢያ ወባ ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን በአንድ ግቢ አሠለጠነ። ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ ወጥተው ይሠሩ ነበር። የሰመመን ሥልጠናም የተከተለው ይህንኑ መንገድ ነው፤ በሥራ ላይ ያለች ነርስ ተጨማሪ ሥልጠና ወስዳ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ትገባለች። ከዚያ ዲግሪው መጣ፣ በየክልሉ ጤና ሳይንስ ኮሌጆች ደረጃ 5 መጣ፣ በአዲስ አበባና በጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች ማስተርስ ተጨመረ።

ፍጥነቱ የመጣው ሆስፒታሎች ሲበዙ ነው። በአገሪቱ አደረጃጀት አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ ያገለግላል፤ ድንገተኛ ቀዶ ጥገናም እንዲሠራ ይጠበቃል። ለዚህ ሲባል በ2002 ዓ.ም. አካባቢ የጤና መኮንኖችን በድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና በማዋለድ በማስተርስ ማሠልጠን ተጀመረ። ብልህ ውሳኔ ነበር። ግን እያንዳንዱ ቢላዋ የያዘ ሰው አጠገቡ ሰመመን የሚሰጥ ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ አዳዲሶቹ ዩኒቨርሲቲዎችም የአንስቴዥያ ትምህርት ክፍል ከፈቱ፤ ተማሪ ተመደበላቸው።

ችግሩ ያለው "ተመደበላቸው" የምትለዋ ቃል ላይ ነው። እንበል አንድ ክፍል 20 ተማሪ ተቀበለ። በአሜሪካው መለኪያ እስኪመረቁ 12,000 ሕመምተኛ ያስፈልጋቸዋል። ይህን ያህል ኦፕራሲዮን የሌለው ሆስፒታል ውስጥ አንዱ ተማሪ ቱቦ ሲያስገባ ሌሎቹ ከኋላ ቆመው ያያሉ። ማየት እጅን አያሠለጥንም። የወገብ መርፌ ከሰጠ በኋላ የእናቲቱ የደም ግፊት ሲወርድ በሰከንዶች ውስጥ ምን እንደሚደረግ ቆሞ በማየት አይለመድም፤ መርፌው እምቢ ሲል ወደ ሙሉ ሰመመን መዞርማ ጭራሽ። ይህ ልጅ ተመርቆ የሚመደበው ደግሞ አስተማሪው አጠገብ አይደለም። ምናልባት ጉንደ ወይንን በመሰለች ከተማ፣ ሌሊት፣ የሚጠይቀው ሰው በሌለበት ነው።

የማስተርስ ፕሮግራሙ ነገር የሚከብደው ለዚህ ነው። የነገ አስተማሪዎች የሚወጡት ከዚያ ነው። እጁ ያልበሰለ የማስተርስ ምሩቅ አዲስ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ የክፍል ኃላፊ ይሆናል፤ ጉድለቱም ከሱ አልፎ በሚቀጥሉት ዙሮች ተማሪዎች ላይ ይባዛል። እኛ አገር ደግሞ የክፍል ኃላፊነት ማንም የማይፈልገው፣ ለተራው ሰው የሚሸከሙት የስብሰባና የደብዳቤ ሸክም ተደርጎ ይታያል። ኃላፊው ያስተምራል፣ ተረኛ ሆኖ ያድራል፣ ጥናት ያማክራል፤ ተማሪ ሲበዛበት ግን "አይበቃኝም" የማለት መብቱ እምብዛም ነው።

መልሱን አውቀዋለሁ፤ "ቁጥር ከቀነሳችሁ የገጠሩ ሆስፒታል ባዶ ይቀራል።" ቀላል ክርክር አይደለም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ ጦርነት እየተካሄደ ሪፈር የተባለች እናት መንገድ ተዘግቶባት በምትቀርበት ጊዜ፣ ያለ ባለሙያ ከመቅረት ግማሽ ልምድ ያለው ይሻላል የሚል ሰው ቢመጣ ፊት ለፊት ለመሟገት ይከብዳል። ነገር ግን ባለሙያ የሚያሳጣን የተመራቂ ማነስ ብቻ አይደለም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በደመወዝ ጥያቄ ሥራ እስከማቆም የደረሱት ለምን ነበር? የሠለጠነው ከቦታው እየለቀቀ ሌላ በብዛት ማሠልጠን በተቀደደ ስልቻ እህል መጨመር ነው።

የሚያስፈልገውም ተአምር አይደለም። እያንዳንዱ ተማሪ በእጁ የሠራው በሎግ ቡክ ይመዝገብ፤ ዝቅተኛው ቁጥር ካልሞላ የመውጫ ፈተና ቢያልፍ እንኳ አይመረቅ። ኃላፊው ከመፈረሙ በፊት አጠገቡ ቆሞ ያየው መሆን አለበት። የቅበላ ቁጥሩ ደግሞ ከሆስፒታሉ የኦፕራሲዮን መዝገብ ይነሳ። ደብረ ማርቆስና ሞጣን የመሳሰሉ ሆስፒታሎች ለማስተርስ ተማሪዎች መደበኛ የልምምድ ቦታ ቢሆኑ፣ ከአስተማሪ ጋር ሲሄዱ ሁለቱም ይጠቀማሉ፤ ተማሪው ሕመምተኛ ያገኛል፣ እዚያ ብቻውን የቆየው ባለሙያም የሚያማክረው ሰው ያገኛል። ለዚህ የአስተማሪ አበል፣ ማደሪያና ሰላማዊ መንገድ ያስፈልጋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ዩኒቨርሲቲው ከበጀቱ ሊመድብ ይችላል፤ ሦስተኛው ከእጁ ውጪ ነው።