ሥርና ሰኮና የጻፉት ወንዝ

ከኒውላንድ ተነሥቼ ወደ ባሮ ዳር በወረድኩ ቁጥር አስቀድሜ የማየው የውሃውን ቀለም ነው። በበጋ ጎድሎ አሸዋውን ያሳያል፤ በክረምት ደፍርሶ ከዳር እስከ ዳር ይሞላል። የጋምቤላ ታሪክ ሲነሣ በብዛት የሚወሳው ውልና ንግድ ነው። የዛፉ፣ የሣሩና የከብቱ ድርሻ ግን ተዘንግቷል።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 1902 ዓፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ በኢታንግ አቅራቢያ ከ2,000 ሜትር የማይበልጥ የባሮ ዳርቻ፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማያልፍ መሬት፣ ለንግድ ጣቢያ በኪራይ ተፈቀደ። ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ቆመ። ከጎሬ በኩል የመጣው ቡና ቁልቁለቱን በበቅሎ ወርዶ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ተጫነ። መርከቡ የሚደርሰው ግን ወንዙ በሚሞላባቸው ወራት ብቻ ነበር።

ያን የክረምት ዝናብ ቀድሞ የሚቀበለው የኢሉባቦርና የአካባቢው ደን ነው። ባሮም ቢርቢርና ገባ ከሚገናኙበት ይወለዳል። ቅጠል የጠብታውን ኃይል ይሰብራል፤ የረገፈው ቅጠል ውሃውን አዘግይቶ ወደ አፈር ያሰርጋል፤ ሥሩም ተዳፋቱን ጨብጦ ይይዛል። ደኑ በተመነጠረበት ስፍራ ውሃው ሳይሰርግ አፈሩን ተሸክሞ ይሮጣል። ባሮ የሚገባበት ሶባት በሙላቱ ጊዜ ነጣ ያለ ደለል ስለሚያወርድ ነጭ ዓባይ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው ይባላል።

ቁልቁለቱ ሲያበቃ ወንዙ ሜዳው ላይ ይተኛል። ረጅሙ ሣር ጎርፉን ያዘገየዋል፤ ደለሉም ያርፋል። አኙዋ ውሃው ሲሸሽ በዚያ ደለል ላይ በቆሎና ማሽላ ይዘራል። ኑዌር በበጋ ከብቱን ወደ ወንዝ ዳር ያወርዳል፤ ክረምት ሲገባ ከፍ ወዳለው መሬት ይመልሳል። ነጭ ጆሮ ቆርኬም ሣርና ውሃ ተከትሎ በደቡብ ሱዳንና በጋምቤላ መካከል ይመላለሳል። እርግጥ ነው፣ ሰኮና ዳርቻውን ይንዳል፤ ከብት ደጋግሞ የረገጠው መንገድም በዝናብ ተቦርቡሮ ቦይ ይሆናል። ነገር ግን መንጋው በጊዜው ከሄደ ሣሩ ያገግማል፤ የሣሩ ሥርም አፈሩን መልሶ ይይዛል። ጉዳቱ የሚበረታው መሄጃ ሲጠፋና መንጋው ባንድ ስፍራ ሲታጎር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ሰፋፊ መሬት ለእርሻ በሊዝ ሲሰጥ፣ የሄክታሩን ያህል የመንጋው መንገድ መታሰብ ነበረበት።

የእንግሊዞቹ ጣቢያ ሱዳን ነፃ በወጣችበት በ1956 ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ፤ ውሉም አበቃ። ባሮ ግን ዛሬም ይወርዳል። ላይኛው አገር ሲመነጠር፣ እኛ ታች ያለነው በውሃው ቀለም እናውቀዋለን።