ስለ መጋቢ ሒሳብና ስለ ቀደሙት መዝገብ ጠባቂዎች

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ባለጸጋው መጋቢውን ጠርቶ የሹመቱን ሒሳብ ጠየቀው። ሒሳብ መጠየቅ ሰውን አለማመን አይደለምን? የሚል ቢኖር፥ አይደለም፤ ሒሳብ ያልታመነውን ይገልጠዋል፥ የታመነውን ግን ከሐሜት ያድነዋል። ይህንም ከቀደሙት ሰዎች ሥራ እንረዳለን።

በንጉሥ ኢዮአስ ዘመን ለመቅደስ ማደሻ የሚሰጠው ብር በካህናቱ እጅ እየገባ ሳለ፥ እስከ 23ኛው ዓመተ መንግሥት ድረስ የፈረሰው አልታደሰም ነበር። ስለዚህ ካህኑ ዮዳሄ ሣጥን አምጥቶ ክዳኑን ነድሎ በመሠዊያው አጠገብ አኖረ። ሣጥኑ በሞላ ጊዜም የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ በአንድነት ቈጠሩት። አንዱ ብቻውን አልቈጠረም፤ ሁለት መሆናቸው ለሁለቱም ጥበቃ ነውና። ዕዝራም ከባቢሎን ሲመለስ ወርቁንና ብሩን መዝኖ ለካህናት አስረከበ፤ ኢየሩሳሌም በደረሱ ጊዜ ዳግመኛ ተመዘነ፥ ሚዛኑም ተጻፈ።

በአገራችንም ይህ ሥርዓት ነበረ። ከአቀስታ ወደ ደሴ ተሻግሮ ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው ሐይቅ እስጢፋኖስን ያገኛል። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ1273 ዓ.ም. ገደማ ለዚህ ገዳም በሰጡት ወንጌል ላይ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ተጽፎ ይገኛል። በሌሎችም አድባራት የርስቱ ጉልት፥ የንዋየ ቅድሳቱ ቍጥር፥ የሰጪው ስም በወንጌሉ ባዶ ገጽ ላይ ይጻፍ ነበር፤ እንዲህ ያለውም መጽሐፍ ወንጌል ዘወርቅ ይባላል። የምስክሮች ስም ይከተላል፥ የሚሽረውም ሰው በግዝት ይታሰራል። በወንጌል ላይ መጻፋቸው ስለ ምንድር ነው ቢሉ፥ ወንጌል በመቅደስ ተጠብቆ የሚኖር ነውና፤ አንድም ሐሰት የሚጽፍ እጅ የማንን ቃል እንደሚዳፈር ያውቅ ዘንድ ነው።

በቤተ ክርስቲያን ገበዙ፥ በቤተ መንግሥት በጅሮንዱ ይህን አደራ ይይዙ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የገንዘቡን ሥራ ለበጅሮንድ ሙሉጌታ ሰጡ።

ነገር ግን በኢዮአስ ዘመን ብሩን ተቀብለው ለሠራተኞች የሚከፍሉት ሰዎች፥ የታመኑ ናቸውና ሒሳብ አልተጠየቁም ይላል። ይህ ከፊተኛው ይጣላልን? አይጣላም። ብሩ አስቀድሞ በሁለት ምስክር ተቈጥሮ ነበር፤ የሠሩትም ሥራ በግንቡ ላይ ይታይ ነበር።

እንግዲህ የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ በእጁ ያለ ሰው ሁሉ፥ ጥቂትም ቢሆን፥ ሳይጠየቅ ይጻፍ፤ ብቻውንም አይቍጠር። የተጻፈው ከርሱ በኋላ ለሚመጣው ይናገራልና። ሁላችንም ሒሳባችንን በምንሰጥበት ቀን እንዳናፍር እግዚአብሔር ይርዳን፤ አሜን።